ያልተቀመሰው ምሳ

ታላቅ ወንድሜ ሆቴል ውስጥ የተቀጠረው ሰሃን ለማጠብ ነበር። ሲወጣ ዋና ሥራ አስኪያጅ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያየሁት ከውጭ ሆኜ ነው። ጋዜጠኛ ነኝ፤ ወጥ ቤት ተቀጥሬ ሠርቼ አላውቅም። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን፣ እሱ የነገረኝን፣ ወይም ከአንድ ሰው በላይ ጠይቄ ያረጋገጥኩትን ነው።

ከሰሃን ማጠቢያው ያወጣው የአንድ ረዳት ወጥ ሠሪ ታሞ መቅረት ነው። ለዛሬ ሽንኩርት ክተፍ ተባለ፤ በማግሥቱም ወደ ማጠቢያው አልተመለሰም። ከረዳትነት ተነሥቶ ዋና ሼፍ እስኪባል ወጣትነቱ አለቀ። ማታ ማታ ተምሮ ዲፕሎማ ያዘ። የምግብና መጠጥ ኃላፊ ሆነ፣ ከዚያ ምክትል፣ ከዚያ ዋና። ከረባት ማሰር ከጀመረ በኋላም ጠዋት ወደ ሆቴሉ የሚገባው በሠራተኛ በር፣ በወጥ ቤቱ በኩል ነበር። ድስት ይከፍታል፣ ማንኪያ ያነሣል፣ ይቀምሳል። ቢሮው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ሥራ ሲለቅ ጓደኞቹ ወይ ሬስቶራንት ይከፍታል ወይ አማካሪ ይሆናል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ለቡ መብራት ኃይል ባለው ግቢው ውስጥ የሰርቪስ ቤቶቹን ግድግዳ አፍርሶ አንድ ሰፊ ወጥ ቤት አወጣ። ከተዘጋ ሆቴል ያገለገሉ ምድጃዎችና ትልልቅ ድስቶች ገዛ። ባለቤቱ ልብስ ማስጫ አጣሁ ብላ ሰንበትበት ያለ ኩርፊያ አኮረፈችው። ከዚያ ከፉሪ፣ ከሃና ማርያምና ከጀሞ ወጣቶች ሰብስቦ ያለ ክፍያ ምግብ ዝግጅት ማስተማር ጀመረ።

ለምን እንደሆነ ስጠይቀው ብዙ አላወራም። በእኛ ሰፈር ሆቴል ሲሠራ የአካባቢው ልጆች አሸዋ ይሸከማሉ፤ ሕንፃው ሲያልቅ ጥበቃ ሆነው በር ላይ ይቆማሉ፤ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ የለም አለኝ። «ያኔ አንድ ሰው ሽንኩርት ክተፍ ባይለኝ፣ ዛሬም እጄ ሳሙና ውስጥ ነበር» አለ። ሌላ ምክንያት አልጨመረም።

የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች ደርዘን አይሞሉም ነበር። የሁለቱን ነገር ልናገር። አንዱ የፉሪ ልጅ ነው። አባቱ ከተማው ሳይደርስባት በቀረችው ማሳ ላይ ዛሬም ያርሳሉ፤ እናቱ ለጀሞ ኮንዶሚኒየም ወተት ያከፋፍላሉ። ይህ ልጅ አፉ አያርፍም። ሌላዋ ከደቡብ መጥታ ጀሞ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ ናት። የጴንጤ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው ትዘምራለች ይባላል፤ ወጥ ቤት ውስጥ ግን ስታንጎራጉር እንኳ ሰምቻት አላውቅም። ሥራዋን ጨርሳ፣ ቢላዋዋን አጥባ፣ «ደህና ዋሉ» ብላ ትሄዳለች።

ሥልጠናው ብቻውን የትም አያደርሳቸውም። በሚሠራ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ልምምድ ያልወጣ ልጅ የብቃት ምዘናውን ማለፍ ይከብደዋል፤ ቢያልፍም ደፍሮ የሚቀጥረው የለም። ስለዚህ ወንድሜ የሚያውቃቸውን ሆቴሎች ሁሉ ዞረ። ያቅፉታል፣ ማኪያቶ ይጋብዙታል፣ የድሮ ጨዋታ ያነሣሉ፤ ስለ ልጆቹ ሲጀምር ግን «እስቲ እናያለን ጋሼ» ይሉታል። ይህን ቃል እሱ ራሱ በሥራ ዘመኑ ለስንት ሰው ብሎት ያውቃል፤ ትርጉሙ አይጠፋውም።

ጊዜው ደግሞ የሚጠበቅ አልነበረም። የልጅቷ አክስት ዓረብ አገር ልትልካት ፓስፖርት አውጥታላታለች። እስከ ፋሲካ ድረስ ወደ ሥራ የሚያስገባት ነገር ከተገኘ ትቀራለች፤ ካልተገኘ ትሄዳለች። ይህን ወንድሜም ልጆቹም ያውቃሉ። የፉሪው ልጅ ብቻ ነው አፍ አውጥቶ የሚናገረው፦ «አንቺ እዚያ ሄደሽ የሼኩን ልጆች ፍርፍር ታለማምጃቸዋለሽ።» ሁሉም ይስቃሉ፤ እሷም ትስቃለች።

በመጨረሻ አንድ ሆቴል ተስፋ ሰጠ። ሥራ አስኪያጁ በወጣትነቱ ከወንድሜ ሥር ወጥ ቤት ሠርቷል። ከውጭ አገር ያስመጣው ዋና ሼፍ አለ። ሁለቱም ግቢው ድረስ መጥተው ምሳ ይበላሉ፤ ምግቡ ከጣማቸው ልጆቹን በሙሉ ለልምምድ ይወስዳሉ። የተባለው ይህ ነው። ቀኑ ግን ሁዳዴ መሐል ዋለ። በሁዳዴ ሠርግ የለም፤ አዳራሾች ባዶ ናቸው፤ ሼፉ ጊዜ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። ፋሲካ አልፎ ሠርግ ሲጀምር ሠልጣኝ የሚያይበት ፋታ የለውም። ወንድሜ ሌላ ቀን አልጠየቀም።

በጾም ወራት የሆቴል ወጥ ቤት እንዴት እንደሚሠራ ብዙ ሰው አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር። እንግዳው ሁሉ አይጾምም። ሥጋው፣ ዓሣው፣ ክሬሙ ይሠራል። የሚሠራው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ጾመኛ ነው። ጾመኛ የፍስኩን አይቀምስም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ የጾሙን ምስር እንኳ አይቀምስም። ስለዚህ በየፈረቃው የማይጾም ሰው ይመደባል፣ ሙስሊም ወይም ጴንጤ። ማንኪያውን ይዞ ከድስት ድስት ይዞራል፤ ይቺ ጨው ትፈልጋለች፣ ያ ኮምጣጤ በዝቶበታል ይላል። ቀማሽ ይሉታል። ይህን ተራ በሠራበት ሆቴል ያስጀመረው ወንድሜ ራሱ ነው፤ ሲያወራው ደስ ይለዋል። ከዚያ በፊት የነበረውን ግን በደፈናው ነበር የሚያልፈው።

እሱ ቤት ከሚሠለጥኑት ውስጥ ኦርቶዶክስ ያልሆነችው ያቺ ልጅ ብቻ ነበረች። ሁዳዴ ከገባ ጀምሮ ቀማሿ እሷ ሆነች። ማንም አልመረጣትም፤ እንዲሁ ሁሉም ዞር ብሎ አያት። የፉሪው ልጅ «ምላሳችን» የሚል ማዕረግ ሰጣት።

«ምላሳችን፣ ነይ ፍረጂን» ይላታል ድስቱን ከፍቶ።

«ምላሳችሁ ደክማለች። ለፋሲካ ጡረታ ትወጣለች» ትለዋለች።

ወንድሜ መቅመስ ይችል ነበር። በሥራ ዘመኑ አንድም ሁዳዴ ሙሉውን ጾሞ አያውቅም፤ ሥራው አይፈቅድለትም ነበር። ዘንድሮ ግን ለንስሐ አባቱ ቃል ገብቷል። «ይቺን አንዷን ሳልነካካ ላድርሳት» አለኝ። አያይዞም በእሱ ወጥ ቤት ማንም ሰው ተገድዶ አይቀምስም አለ። ይህን ሲል ድምፁ ጠንከር ያለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አልጠየቅኩትም።

የምሳው ቀን እኔም ተጠራሁ። ትልቅ ጠረጴዛ ላይ ሁለት እንግዳ ብቻ ሲቀመጥ ያስጠላል፤ ሦስተኛ ወንበር ሙይልኝ አለኝ። ምሳው የተባለው ለስድስት ሰዓት ተኩል ነበር። ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ነጭ ኮፍያቸውን አጥልቀው ይንጎዳጎዳሉ። የጾም የምስር ሾርባና አትክልት ለሥራ አስኪያጁ፤ የበግ ጥብስ ከነስጎው ለሼፉ። ስጎው ከአጥንት ተቀቅሎ፣ ተጠልሎ፣ ቀስ ብሎ የሚወፍር ነው። ሁሉም በሰዓቱ ደረሰ፤ እንግዶቹ አልደረሱም። ከጀሞ ወደ ለቡ የሚያመጣው መንገድ ተዘግቶ መኪና ቆሟል ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ደጋግሞ እየደወለ ይቅርታ ይጠይቃል። ስጎው እንዳይቀዘቅዝ ለስለስ ባለ እሳት ላይ ተቀመጠ።

ወጥ ቤት ውስጥ የሆነውን በዓይኔ አላየሁም። በኋላ ልጆቹን ለየብቻ ጠይቄአቸዋለሁ፤ የነገሩኝ ይገጥማል። ሾርባውን ሁለት ልጆች ይዘውት ነበር፤ አንዱ ሌላው ጨው ጨምሯል ብሎ አስቧል። ሌላውም እንዲሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ልጅቷ ትደርስበታለች። ያን ቀን ግን ማንኪያዋን ይዛ እንደወትሮዋ ዞረች፤ ነከረች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ «ደህና ነው» አለች። ማንኪያው አፏ መድረሱን ልብ ብሎ ያየ የለም። ስጎው እሳት ላይ ብዙ ከቆየ በኋላ የፉሪው ልጅ እንደገና ጠራት፤ «ምላሳችን፣ አሁንስ?» አላት። አሸተተችው። ደህና ነው አለች።

እንግዶቹ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሼፉ ግዙፍ፣ ትሑት፣ እጁ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ የበዛ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ወንድሜን ጉልበቱን ሊስም ጎንበስ ሲል ወንድሜ በትከሻው ያዘው። ተቀመጥን። ወንድሜ አልተቀመጠም፤ ነጭ ጃኬቱን ለብሶ ከኋላችን ቆመ። የአስተናጋጅ አቋቋም ነው፤ ሥራ አስኪያጅም ሆኖ አልለቀቀውም።

ሾርባው መጣ። እኔ እስከ ስድስት ሰዓት ነው የምጾመው፤ በላሁ። ጨው የሚባል አልነካውም። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ማንኪያ ፉት ብሎ በእርጋታ ጨው እንዲያቀብሉት ጠየቀ። ዞር ብዬ ወንድሜን አየሁት። ፊቱ አልተለወጠም፤ እጆቹን ግን ከፊቱ አንሥቶ ወደ ኋላው አጣመራቸው። ሆቴል ቤት ጨው የሚጠይቅ እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ እሱ ሲነግረኝ ኖሯል።

ቀጥሎ በጉ መጣ። ሼፉ ቆረጠ፣ ስጎው ውስጥ ነከረ፣ ጎረሰ። ማኘክ ጀምሮ አቆመ። ውኃ ጠጣ። ሌላ ትንሽ ቁራጭ ነክሮ ደግሞ ጎረሰ፤ የመጀመሪያውን ማመን ያቃተው ይመስል ነበር። ከዚያ ቢላዋና ሹካውን ሰሃኑ ላይ ጎን ለጎን አስተኛ። ይህን የቀመሰው ማነው ብሎ በእንግሊዝኛ ጠየቀ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ወደ አማርኛ መለሰው፤ መመለስ አያስፈልገውም ነበር።

ወንድሜ ልጆቹን ጠራቸው። ገብተው ግድግዳውን ይዘው ተደረደሩ። ጥያቄውን ደገመላቸው። የሁሉም ዓይን ወደ ልጅቷ ሄደ።

«አልቀመስኩም» አለች።

«ለምን?»

መሬት መሬት እያየች መለሰች። «ጾም ላይ ነኝ።»

የፉሪው ልጅ ሳያስበው አመለጠው። «አንቺ? ጴንጤ ይጾማል እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። ልጁም የተናገረው ነገር ጆሮው ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ።

ሼፉ ነገሩ ሲገባው ራሱን ነቀነቀ፤ ሃይማኖት ላይ ምንም የምለው የለኝም፣ ነገር ግን ማንም የማይቀምስበት ወጥ ቤት ወጥ ቤት አይደለም አለ። ትክክል ነበር፤ ወንድሜም ትክክል መሆኑን ያውቃል። ቀጥሎ የተናገረው ሥራ አስኪያጁ ነው።

«ጋሼ፣ እኔን ስቅለት ዕለት አስቀምሰውኛል። ያስታውሳሉ?»

«አስታውሳለሁ» አለ ወንድሜ።

«ለእንግዳ ግብዣ የተሠራ የበሬ ሥጋ ነበር። አልቀምስም ስል፣ እንግዲያው ኮትህን ልበስና ሂድ አሉኝ። ቀመስኩ። በዚያ ፋሲካ እናቴን ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር።» ጣቶቹን በናፕኪኑ ጠረገ። «ግን ሙያ የያዝኩት በዚያ ነው። እኔን እንዲያ አድርገው አሠልጥነው፣ እነዚህን እንዲህ አድርገው ካሠለጠኑ፣ እኔ ምን ላድርጋቸው?»

ወንድሜ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ፣ ከስጎ ማቅረቢያው ውስጥ ማንኪያውን አወጣ፣ ሞልቶ ወደ አፉ ከተተው። ዋጠው። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ አፏን በእጇ ያዘች።

«ጨው በዝቶበታል» አለ። «እሳት ላይ ቆይቶ ውኃው አልቋል። ጥፋቱ የልጅቷ አይደለም። የእኔ ነው።»

ከዚያ በኋላ ምሳው ምሳ አልሆነም። ሼፉ አትክልቱን ጨርሶ በላ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ጨበጣቸው። ግቢው ውስጥ፣ መኪናው አጠገብ፣ ሥራ አስኪያጁ ወንድሜን ለብቻው ሊያናግረው ፈለገ፤ ወንድሜ ግን እኔን ሂጂ አላለኝም።

«ሁሉንም ልወስዳቸው አልችልም ጋሼ። ሼፉ አይቀበለኝም። ልጅቷን ልውሰድ።»

«ልጅቷን?» አለ ወንድሜ። የጠበቀው ይህን አልነበረም።

«ቀማሽ አጥሮናል። በፈረቃ ሁለት ያስፈልገኛል፤ ያለኝ አንድ ነው። የእሷ ጾም እንደሁ ጥቂት ቀን ነው፤ ያልፋል።»

«የቀሩትስ?»

«እቀምሳለሁ የሚል ካለ ነገውኑ ይምጣ።»

«ያን አልጠይቃቸውም።»

ሥራ አስኪያጁ መኪናው ውስጥ ገባ። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፤ ተወውና «ደህና ይዋሉ ጋሼ» አለ። የተናደደ ሰው አይመስልም ነበር። ከአስተያየቱ የገባኝ፣ ወንድሜ አንድ ቃል እንዲለው ብዙ ዓመት ሲጠብቅ እንደቆየ ነው። ይህ ግን ግምቴ ነው፤ ጠይቄው አላረጋገጥኩም። ወንድሜም ያን ቃል አላለውም።

ልጅቷን ወደ ጀሞ የሚሄደው ታክሲ ድረስ ሸኘኋት። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር በድንጋዮቹ ላይ እየተረማመድን ነው የሄድነው። ሳልጠይቃት ራሷ ጀመረች። ቤተ ክርስቲያናቸው ለወጣቶቹ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት አውጇል። እስከ ማታ ውኃም አይቀመስም። እያንዳንዱ የሚጸልይበትን ጉዳይ ይዞ ይገባል። እሷ የያዘችው ጉዳይ ይህ ምሳ ነበር።

«ሁላችንም እንድንገባ ነው የጸለይኩት እትዬ» አለችኝ።

ለምን አስቀድማ እንዳልተናገረች ጠየቅኳት። የጾመ ሰው መጾሙን አያወራም፤ እንዲያ ነው ያደገችው። ደግሞም ቀማሽ እንድትሆን የጠየቃት ሰው ስለሌለ፣ አልችልም የምትለው ለማን እንደሆነ አላወቀችም።

«እናንተ ስትጾሙ አገር ያውቃል» አለች። «እኛ ስንጾም ማን ይጠይቀናል?»

ነገሩ አንድ ማንኪያ ነበር አልኳት። እንዲህ ማለቴ ልክ ይሁን አይሁን አሁንም አላውቅም።

«ለሌሎቹ ልጆችም አንድ ማንኪያ ነበር» አለችኝና ታክሲው ውስጥ ገባች።

ሰኞ ሆቴሉ ጠራት። መሄድ አልፈለገችም፤ እነሱን ጥዬ እንዴት ብቻዬን እገባለሁ አለች። ወንድሜ ሂጂ አላት። አክስቷም ፓስፖርቱን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጠች፤ አልቀደደችውም፣ ለጊዜው አስቀመጠችው።

የፉሪው ልጅ በዚያው ሰሞን ጠዋት ቀደም ብሎ መጥቶ ወንድሜን አናገረው። «ጋሼ፣ እርስዎም ቀመሱ አይደል? እኔም ልቅመስና ልግባ» አለው።

«እኔን አይተህ አትቅመስ። እናትህን ጠይቀህ ና።»

«እናቴንማ ከጠየቅኋት ከወተት ጀሪካኑ ጋር ነው ጎዳና የምታወጣኝ።»

«እንግዲያው መልሱን አግኝተሃል» አለው ወንድሜ።

ልጁ ስቆ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ባጃጅ መንዳት ጀመረ። አንዳንድ ቀን በግቢው በር ሲያልፍ ጡሩምባ ይነፋል። ሌሎችም እየቀሩ ሄዱ። ፋሲካ ሲደርስ ወጥ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ከግማሽ ያነሱ ነበሩ። አብዛኞቹ በልጅቷ ላይ ቂም ይዘዋል፤ አበላሽታን እሷ ገባች ይላሉ። ልናስረዳቸው ሞክረናል። ምክንያቱን ሰምተው ይቀበላሉ፤ ቂሙን ግን አይተውም።

ወንድሜ ለንስሐ አባቱ ነገራቸው። እሳቸው ነገሩን አላከበዱትም፤ ቀኖናውም ቀላል ነበር። እሱን የሚያብሰለስለው ሌላ ነገር ነው። አንድ እሁድ አብረን ተቀምጠን ከመሬት ተነሥቶ አወራኝ። ሆቴል ውስጥ እንግዳ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የሚጠየቀው የማይበላው ነገር ነው። ዓሣ አይበሉም? ወተት አይስማማዎትም? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቅ እንግዳ አስተናግዶ አያውቅም፤ በሺህ ለሚቆጠሩ ሰዎች ጠይቋል፤ አስተናጋጆችንም ይህን በመዘንጋታቸው ቀጥቷል። ያቺ ልጅ ግን ስንት ወር ሙሉ በየቀኑ ፊቱ ቆማ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅም። የማትጾም ሰው ናት ብሎ መዝግቦ አስቀመጣት።

«ጎበዝ የሆቴል ሰው ነኝ ስል ኖሬ...» አለ።

ስለዚያ ስቅለት ጠየቅኩት። አስገድዶ ያስቀመሰው እሱን ብቻ እንዳልነበር ነገረኝ። ከሼፍነቱ ዘመን ብዙ ሰው አለ፤ የአንዳንዱን መልክ እንኳ ረስቶታል። የቀማሽ ተራውን ያስጀመረው አንዷ ወጥ ሠሪ ተገድዳ ቀምሳ ካለቀሰች በኋላ ነው። ታዲያ ለሥራ አስኪያጁ ለምን ይቅርታ አልጠየቅከውም አልኩት። ልጆቹ ፊት ይቅርታ ብጠይቀው ለእነሱ ብሎ ነው የሚለምነኝ ይመስለው ነበር አለኝ። አሁንስ? አልኩት። አሁን ደግሞ ልጅቷ እሱ ዘንድ ነው ያለችው አለኝ። ወጣትነቱን ሙሉ የሰውን ፍላጎት ሳይነግሩት በማወቅ የኖረ ሰው፣ አንድ ስልክ ለመደወል እንዲህ ሲቸገር ማየት ከብዶኝ ነበር። እኔም አልገፋሁትም።

ልጅቷ ልምምዷን ጨርሳ በሙከራ ተቀጠረች። ደመወዟን ስትቀበል ለአክስቷ ታካፍላለች። ወጥ ቤት ውስጥ ግን ቀማሽ ከመባል አልወጣችም። በየረቡዕና ዓርቡ፣ በሰኔውም ጾም እሷን ይጠራሉ፤ ቢላዋዋን አስቀምጣ ትሄዳለች። የምታበስለው ጥቂት ነው፤ የምትቀምሰው ብዙ። ሲደክማት ወንድሜ ጋ ትደውላለች።

የመጨረሻው ጥሪ የመጣው በፍልሰታ፣ ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ግቢው ወጥ ቤት ውስጥ ከቀሩት ልጆች ጋር ድንች እየላጥን ነበር፤ ድምፅዋ በዝናቡ አልሰማ ስላለው ወንድሜ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሁላችንም ሰማናት።

ቤተ ክርስቲያናቸው ከሐሙስ ጀምሮ ጾም አውጇል። ሐሙስና ዓርብ ደግሞ ቅምሻው የእሷ ተራ ነው፤ ሌላው ቀማሽ ፈቃድ ላይ ነው። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ነው፤ ቋሚ ትሁን አትሁን በዚያው ሳምንት ይወሰናል።

«ምን ልበላቸው ጋሼ?»

«ከአሁኑ ንገሪያቸው» አላት። «ዛሬውኑ። ሰው ያዘጋጁ።»

«ሰው የላቸውም።»

«ይፈልጉ። አንቺ ቀድመሽ ንገሪያቸው እንጂ።»

ከስልኩ ወዲያ የድስት ኳኳታ ይሰማል። በዚያው መሐል ጠየቀችው፦ «ከነገርኳቸው ያቆዩኛል?»

ወንድሜ ድንቹን አስቀመጠ። ልጆቹም መላጡን አቆሙ። ያቆዩሻል ቢላት ታምነዋለች፤ ያባርሩሻል ቢላትም ታምነዋለች።

«አላውቅም ልጄ» አላት።

«እሺ» አለች። አልዘጋችውም። እርምጃዋ ይሰማናል፤ አንድ በር ተከፍቶ ተዘጋ። ከዚያ፣ ከእኛ ጋር ስታወራ ከነበረው ከፍ ባለ ድምፅ፣ ምክትል ሼፉን «አንዴ ላናግርዎት» ስትል ሰማን።